ከኒው ኦርሊንስ ጎርፍ የተረፍን ቤተሰቦች አቤቱታ

ለኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ማኅበራችን የሥራ አመራር ቦርድ
ለሽማግሌዎች ጉባኤም
ባሉበት

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከካትሪና አውሎ ነፋስ ጎርፍ ወዲህ በእኛና በጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ላይ የተፈጸመ በደል እንዲታይልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ እናቶቻችንና ወንድሞቻችን፤

እኛ ከዚህ በታች የፈረምን 11 ቤተሰቦች በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በኒው ኦርሊንስ ከተማ እንኖር የነበርን፣ ጎርፉ ቤት ንብረታችንን ከወሰደ በኋላ ወደ ቴክሳስ መጥተን በእናንተ መካከል 20 ዓመት የኖርን ነን። ከአቤቱታችን በፊት የምናስቀድመው ምስጋና ነው። በባዶ እግራችን ስንመጣ ጫማ የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያስገባችሁልን፣ ውሃ የበላውን ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ለማስተካከል ከሥራ ቀርታችሁ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተታችሁልን እናንተ ናችሁ። ይህን የሚክድ ከመካከላችን የለም። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብለን የኖርነውም የበላነውን እንጀራ እያሰብን ነው። አሁን ግን ዝምታችን እንደ መስማማት ተቆጥሮ በእኛ ስም ሌላ ሰው ሲወቀስ ሰማን። ስለዚህ በአክብሮት፣ የሆነውንም ሳንቀንስና ሳንጨምር፣ አቤት ለማለት ተገደድን።

የመጀመሪያው በደል የተፈጸመው መስከረም 1 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት ነው። እንዲገባችሁ ግን ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት መናገር አለብን።

ከአመልካቾቹ አንዱ ቤተሰብ ጀንቲሊ በሚባለው ሰፈር ይኖር ነበር። አባወራው ታክሲ ነጂ ነው። ታክሲ ነጂ ሆኖ ለምን ከተማውን ጥሎ አልወጣም ብላችሁ ብዙ ጊዜ ጠይቃችሁታል። ታክሲው የእሱ አልነበረም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሰው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያመላልስ ውሎ እሑድ ጠዋት ባለንብረቱ አስረክብ አለው፤ አስረከበና በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከአጠገቡ የሚኖሩት ጎረቤት የ61 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ልጆቻችን እማማ ይሏቸው ስለነበር እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

ቅዳሜ ነሐሴ 21 ቀን ማታ እማማ እጀታው በአሮጌ ጨርቅ የተጠመጠመ መጥረቢያ ይዘው መጡ። ጣሪያ ሥር አስቀምጡት አሉን። በእነሱ አቆጣጠር በ1965 ቤትሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ ሎወር ናይንዝ ዋርድ ነበሩ። ውሃው ሲጨምር ሰው እየሸሸ ወደ ጣሪያ ሥር ይወጣል፣ የሚሰብርበት ካጣ እዚያው ታፍኖ ይቀራል ብለው አስረዱን። እኛ ከደጋ አገር የመጣን ሰዎች መጥረቢያ ለጎርፍ ምን ይሠራል ብለን ነበር፤ እሳቸውን ላለማስቀየም ብቻ ተቀበልን።

ሰኞ ነሐሴ 23 ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 29 ቀን 2005 ጠዋት፣ የለንደን አቬኑ ቦይ ግድግዳ ሁለት ቦታ ላይ ተደረመሰ። ውሃው መጀመሪያ በበሩ ሥር ምንጣፉን እያረሰረሰ ገባ። የተጣደው ቡና ሳይፈላ ጉልበት ደረሰ። ፍሪጁ ተንሳፍፎ በጎኑ ተኛ። እማማን በመስኮት ወደ እኛ ቤት አሻገርናቸው፤ 7 ነፍስ ሆነን ጣሪያ ሥር ገባን። የጣሪያውን ሳንቃ ሲፈልጥ የዋለው ያ መጥረቢያ ነው። የታክሲ ነጂው እጅ ሲዝል እማማ ተቀበሉት፣ የእሳቸው ሲዝል እሱ ተቀበለ። ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ ከፈረምነው መካከል አምስታችን በዚያ ቀዳዳ የወጣን ነን።

በጀልባ፣ ቀጥሎ በአውራ ጎዳናው ድልድይ ላይ ፀሐይ ስንጠበስ ውለን አድረን፣ በመጨረሻም በአውቶቡስ ቴክሳስ ገባን። አዲሱ ዓመት መጠለያ ውስጥ፣ በሸራ አልጋ ላይ አገኘን። የማኅበራችን እናቶች ድፎ ዳቦ ይዘው እልል እያሉ ሲገቡ ያለቀስነው ልቅሶ እስከ ዛሬ አይረሳንም። ከዳቦው ለእማማም ቆርሰው ሰጧቸው። ቀጥሎ ግን አስተባባሪ የነበሩት ሰው ወደ ማኅበሩ አዳራሽ የሚወሰዱትን ስም መጻፍ ጀመሩ። እሳቸውም አብረውን ናቸው አልን። ቦታው ለሐበሻ ብቻ ነው፣ ለእነሱ መንግሥታቸው አለላቸው ተባልን። እማማ የተባለውን በቋንቋው ባይሰሙም ከፊታችን አነበቡት። ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ሂዱ፣ ልጆቹን አስተኙ አሉን። ሄድን።

በዚህ ነገር እናንተን ብቻ አንከስም። ከአልጋችን ተነሥተን የሄድነው እኛ ነን። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በመጠለያው ሰልፍ ላይ ቶሎ እንድንስተናገድ ብለን እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ እንደ እነሱ አይደለንም ያልን ከመካከላችን አለን። ይህን የምንጽፈው ሸንጎ ፊት የሚቆም ሰው የራሱን ድርሻ መሸሸግ ስለሌለበት ነው።

እማማ ሌላ ሦስት ሳምንት እዚያው ቆዩ። የከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች 7,500 ያህል ሠራተኞቻቸውን ሲያሰናብቱ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፣ እሳቸውም ሥራ አጡ። ቤታቸውን ለማደስ ሮድ ሆም ከሚባለው የሉዊዚያና ግዛት ድጋፍ አመለከቱ። የድጋፉ ስሌት የማደሻውን ወጪና ቤቱ ከጎርፉ በፊት የነበረውን የገበያ ዋጋ አነጻጽሮ አነስተኛውን የሚወስድ ነበር። አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ጉዳት፣ ሚስማሩና እንጨቱም በአንድ ዋጋ የሚገዛ ሆኖ ሳለ፣ በጥቁር ሰፈር ያለ ቤት ገበያው ዝቅ ስለሚያደርገው ባለቤቱ የሚያገኘው ብር ያንስ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በዚህ ላይ ክስ ተመሥርቶ በ2011 በስምምነት ተዘጋ። እማማ ውጤቱን ሳያዩ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ እዚሁ ቴክሳስ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ አረፉ። ለማኅበሩ አሳውቀን ነበር፤ ለቅሶ የደረሰ አልነበረም።

ሁለተኛው በደል የጥቅምት 1998 ዓ.ም. የገንዘብ ክፍፍል ነው። በአዳራሹና በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለጎርፍ ተጎጂዎች ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ ሲከፋፈል፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ያገቡ ሁለት እህቶቻችን የተሰጣቸው የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ ነው። አንደኛዋ አምስት ቤተሰብ ነበሩ። ባልሽ ሐበሻ አይደለም፣ ልጆቹም በአባታቸው ይቆጠራሉ ተባለች። ያን ክረምት ሦስቱ ልጆቿ በአንድ ብርድ ልብስ ነው የተኙት። የተሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደነበር፣ ለማን ስንት እንደተሰጠ እስከ ዛሬ በጽሑፍ አልተነገረንም።

ሦስተኛው፣ በ1999 ዓ.ም. በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የነበረው የኪራይ ቤቶች ዝርዝር ነው። በዚያን ጊዜ ሂዩስተን ውስጥ በሚፈጸም ወንጀል ጣት የሚቀሰረው ከኒው ኦርሊንስ በመጡት ላይ ነበር። የእኛም አከራዮች ከማስታወቂያቸው ግርጌ ለሐበሻ ብቻ፣ ከኒው ኦርሊንስ የመጣ ጥቁር አይደውል ብለው በአማርኛ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ሕግ እንደሚያስጠይቅ ስለሚያውቁ ነው በአማርኛ የጻፉት። ጥር 1999 ዓ.ም. ይነሳልን ብለን ደብዳቤ አስገባን፤ መልስ የለም። ሁለተኛ ደብዳቤ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ስለ ገንዘቡ ጽፈን አስገባን፤ እሱም መልስ የለውም። የሁለቱም ቅጂ ማኅተም ያለበት እጃችን ላይ ነው።

አራተኛው፣ ይህን አቤቱታ ያጻፈን፣ እሑድ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዳራሻችን የሆነው ነው። የ20ኛ ዓመት መታሰቢያ ተብሎ ተጠራን። ነጠላችንን አጣፍተን፣ ሻማ ይዘን መጣን። በመድረኩ ላይ የእኛ ፎቶግራፍ፣ መጠለያ ውስጥ ዳቦ ስንቀበል፣ ሳንጠየቅ ተሰቅሎ ነበር። በጥግ በኩል የእማማ እጅ ይታያል፤ ፊታቸው ተቆርጧል። ተናጋሪው፣ እኛ ሐበሾች ሠርተን ተነሣን፣ እነሱ ግን ሰነፎች ስለሆኑ አልወጡም፣ ሲቀሩም ዘረፉ፣ ዛሬም የቦዩን ግድግዳ ነጮች በፈንጂ አፈረሱብን ይላሉ አሉ። አዳራሹ ሳቀ። የአንዷ አመልካች ልጅ፣ አባቷ የኒው ኦርሊንስ ጥቁር ነው፣ ተነሥታ ልናገር አለች። አንቺ ሐበሻ አይደለሽም፣ ተቀመጪ ተባለች። የተወለደችው በጎርፉ ዓመት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በአዳራሹ በር አላለፈችም፤ እናቷንም ለምን አማርኛ አስተማርሽኝ ብላ ጠየቀቻት።

የተባለው ቃል በቃለ ጉባኤ ተጽፎ በማኅበሩ ልሳን ስለወጣ ሳንመልስ ብንቀር እውነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

አልወጡም ስለተባለው፤ የከተማው ከንቲባ ሁሉም እንዲወጣ ያዘዙት እሑድ ጠዋት ነው፤ አውሎ ነፋሱ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደረሰ። አንድ ቀን እንኳ አልሞላም። በ2000 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከከተማው ቤተሰቦች ከሩብ በላይ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ ሲሶ ያህሉ መኪና አልነበራቸውም። ቀኑም የወር መጨረሻ ነው፤ ጡረታና ድጎማ የሚጠብቅ ሰው ኪሱ ባዶ የሚሆንበት። በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። አልጋ ላይ ያለ ሽማግሌን ሰነፍ የምትሉ አይመስለንም። ታክሲ ነጂያችንም አልወጣም፤ እሱን ግን ማንም ሰነፍ አላለውም።

ስለ ዝርፊያ፤ የወሰደ አልነበረም አንልም። ቴሌቪዥን በራሱ ላይ ተሸክሞ ያለፈ ሰው አይተናል። ከእሱ ኋላ ግን ዳይፐርና ውሃ የያዙ መቶዎች ነበሩ፤ ከነሱም ውስጥ እኛ አለንበት። በኦገስት 30 ቀን ሁለት ፎቶግራፎች ወጡ፦ በደረቱ ውሃ ውስጥ የሚሄደው ጥቁር ወጣት ከሱቅ ዘርፎ ተባለ፣ እንደ እሱው በውሃ ውስጥ ምግብ ይዘው የሚሄዱት ነጮች አግኝተው ተባሉ። የጻፏቸው የተለያዩ የዜና ድርጅቶች ናቸው፤ ያነበበው ሕዝብ ግን አንድ ነው። በሱፐርዶም ስታዲየም ውስጥ ሕፃናት ይደፈራሉ፣ ሰው እንደ ዝንብ ይገደላል ተብሎ ከራሳቸው ከከተማው ሹማምንት አፍ ተነገረ። ሲጣራ እዚያ ውስጥ ሞተው የተገኙት 6 ሰዎች ነበሩ፣ አንድም በሰው እጅ የተገደለ አልነበረም። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ቀን ወደ ግሬትና የሚያሻግረውን ድልድይ በእግራቸው ሊያቋርጡ የመጡትን፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ የወዲያኛው ከተማ ፖሊሶች ከሰዎቹ ራስ በላይ ተኩሰው መለሷቸው። በሴፕቴምበር 4 ቀን በዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን ተኩሰው ሁለቱን ገደሉ፣ አራቱን አቆሰሉ፤ ከረጅም ክርክር በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ጥፋታቸውን አምነው ተፈረደባቸው። በዚያ ድልድይ ላይ አንዳችን ብንገኝ ኖሮ የተኮሰው ሰው ከየት አገር መጣህ ብሎ አይጠይቅም ነበር።

ስለ ፈንጂው የተሳቀው ሳቅ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖናል። በ2005 እ.ኤ.አ. ግድግዳውን ማንም በፈንጂ እንዳላፈረሰው የመረመሩት መሐንዲሶች ሁሉ ተስማምተዋል፤ እኛም ይህንኑ እንቀበላለን። ነገር ግን በ1927 እ.ኤ.አ. በታላቁ የሚሲሲፒ ጎርፍ ጊዜ፣ የኒው ኦርሊንስ ባለሀብቶች ከተማቸውን ለማዳን ብለው በካርናርቮን የነበረውን፣ ሌቪ የሚባለውን የወንዝ ዳር ግድብ በዲናሚት አስነሥተው በታች ያሉትን ድሆች፣ ነጭም ጥቁርም፣ አጥለቀለቁ። ካሣም እንከፍላለን ብለው ለብዙዎቹ አልከፈሉም። በዚያው ጎርፍ በሚሲሲፒዋ ግሪንቪል ጥቁሮቹ በወንዙ ዳር በጠባቂ ተይዘው በግዳጅ ሲሠሩ ነጮቹ በመርከብ እንዲወጡ ተደረገ። እማማ ይህን ከአያታቸው ሰምተው ነው ያደጉት። አንድ ጊዜ በእርግጥ የተደረገበት ሰው ሁለተኛውን ቢጠረጥር የሚሳቅበት አይደለም። ከፈራሚዎቹ አንዱ የወሎ ሰው ናቸው። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃቡ ከሕዝብ ተደብቆ ሳለ አዲስ አበባ ገብተው ለማኝ ወሎዬ እየተባሉ የተባረሩትን ያስታውሳሉ። በዚያ አዳራሽ ሳቁ ሲሰማ ተነሥተው የወጡት እሳቸው ነበሩ።

እውነተኛው ጥፋት የማን እንደሆነ የተጻፈ ነገር አለ። የጎርፍ መከላከያውን የሠራው የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል በጁን 2006 ባወጣው ዘገባ ጉድለቱ የራሱ ሥራ መሆኑን አምኗል። በለንደን አቬኑና በ17ኛው ጎዳና ቦዮች ግድግዳዎቹ የወደቁት ውሃው ከአናታቸው ሳያልፍ፣ ሊሸከሙት ይገባ ከነበረው ከፍታ በታች እያለ ነው። መከላከያው ከ50 በላይ ቦታ ተሰብሮ ከከተማው 80 በመቶው ሰጠመ። የነጮች ሰፈር የሆነው ሌክቪውም አልቀረለትም፣ ነገር ግን የሌክቪውን ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፤ ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ከእናንተ የተሰወረ ነው ብለን አይደለም። ብዙዎቻችሁ በፖሊስ መንገድ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ፣ ልጆቻችሁም በትምህርት ቤት ጥቁር ተብለው ይጠራሉ። እኛ ጥሩዎቹ ጥቁሮች ነን ብለን የምንገዛው ክብር በጎረቤታችን ስም የሚከፈል ነው። እኛን ማመስገን ስትፈልጉ እነሱን አትስደቡብን፤ የዳንነው በእነሱ መጥረቢያ ነው።

ስለዚህ፣ ሥልጣኑ በእጃችሁ ስለሆነና ብትፈቅዱ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ስለሆነ፣ የነሐሴ 25ቱ ቃለ ጉባኤ ታርሞ እርማቱ በማኅበሩ ልሳን፣ ንግግሩ በወጣበት ገጽ ላይ እንዲወጣ፤ ፎቶግራፋችን ያለ ፈቃዳችን እንዳይሰቀል፣ የተቆረጠውም እንዲመለስ፤ የ1998 ዓ.ም. የእርዳታ ገንዘብ ሂሳብ በጽሑፍ እንዲገለጽልንና ድርሻቸው የተቀነሰባቸው ሁለቱ ቤተሰቦች ተጠርተው ይቅርታ እንዲጠየቁ እንለምናለን። ገንዘቡ ይመለስልን አንልም። ልጅቷን ተቀመጪ ያሏት ሰው ወይም ቦርዱ ራሱ፣ በሽማግሌ በኩል ቤቷ ድረስ ሄዶ እንዲያነጋግራት በተለይ እንጠይቃለን። ሽማግሌ መላክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ታስነሣላችሁ።

ደግሞም በማኅበሩ ደንብ አባል የሚሆነው ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ያለው ነው የሚለው አንቀጽ፣ የአባላትን ባሎች፣ ሚስቶችና ልጆች በሙሉ መብት እንዲያቅፍ ተሻሽሎ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብልን።

መልሳችሁን እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንጠብቃለን። ሁለቱ ደብዳቤዎቻችን መልስ ያላገኙ መሆናቸውን ከማስታወስ በቀር ሌላ ቃል አንጨምርም። መልሱ ካልመጣ በመጪው ነሐሴ 23 በአዳራሹ አንገኝም፤ ሻማችንን በእማማ መቃብር ላይ እናበራለን። መልሱ ከመጣ ግን ከእናንተ ጋር አብረን እንድንሄድ መንገዱን እናሳያችኋለን። ከከተማው በስተምሥራቅ ነው፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የ11 ቤተሰቦች ፊርማ